አሮጌ የወጥ ቤት መደብን አንሥቶ በግራናይት መተካት፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ባየኋቸው ቤቶች የወጥ ቤት መደብ ዕድሜው ሳይደርስ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። በቺፑድ ላይ ፎርሚካ ተለጥፎ የተሠራው በሲንኩ ዙሪያና በኤሌክትሪክ ምጣዱ አጠገብ ውሃና እንፋሎት እየጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። በብሎኬት እግር ላይ በሲሚንቶ የተለሰነው በበኩሉ ገጹ ዱቄት እየሆነ ይፈረፈራል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ የገባውን የወጥ ቅባትና የሊጥ ፍሳሽም ምንም ቢፈትጉት አይለቅም። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መደብ አንሥቶ አዲስ የአርማታ መሠረት መጣልንና በላዩ ግራናይት ማንጠፍን ከልኬት ጀምሮ ምጣዱ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ ያሳያል። አንዳንዱ ሰው ባንኮኒ፣ አንዳንዱ ኪችን ቶፕ ይለዋል፤ እኔ ግን በቤታችን እንደለመድነው መደብ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም በድንጋዩ ላይ ያውላል። ድንጋዩን የሚሰብረው ግን ከሥሩ ያለው ነው፤ ከሥሩ ያለውን የሚያበላሸው ደግሞ በእኛ አገር የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሌሊቶች ብርድ ነው። ስለዚህ በመሠረቱና በብርዱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ባጭሩ አልፈዋለሁ።

ወቅት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሲወጡ ሜዳው በአመዳይ ነጥቶ ያገኙታል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የሚጠነክረው ሙቀት ሲያገኝ ነው። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን መጠንከሩ በጣም ይዘገያል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሊያቆም ጥቂት ይቀረዋል። ገና ባልጠነከረው አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ስለሚሰፋ ውስጡን ይበጣጥሰዋል፤ ይህ ጉዳት በኋላ በምንም አይጠገንም። ስለዚህ የሚመቸው ወቅት ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው። በክረምት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን አሸዋው ውሃ የጠጣ ስለሚሆን የሚጨመረውን ውሃ መቀነስ ይገባል፣ የሚደርቀው ነገር ሁሉም ይዘገያል። በውርጩ ወራት ካልሠራሁ የሚል ሰው ከታች “ብርዱን መከላከል” በሚለው ክፍል የተጻፈውን ሳያጓድል ይፈጽም።

ልኬት

የመደብ የተለመደ ከፍታ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ግን የሚሠራበትን ሰው መለካት ይበልጣል። ዕለት ዕለት የምትከትፈው ወይም የሚከትፈው ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክርኑን ይጠፍ፤ ከወለል እስከ ክርን ከተለካው ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀንሱ። የቀረው የመደብዎ ከፍታ ነው። በዚህ ከፍታ ውስጥ የድንጋዩ፣ የማጣበቂያውና የአርማታው ውፍረት ሁሉ መቆጠሩን አይርሱ።

ምጣዱ የተለየ ሐሳብ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በሱቅ የሚገኘው የተለመደው 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ አይበቃውም፤ ምጣድ ለሚቀመጥበት ክፍል 70 ሳንቲ ሜትር ያድርጉ። ከወርዱ በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ከፍታው ነው። እንጀራ የሚጋገረው ሊጡን ከላይ ወደ ታች በክብ እያፈሰሱ ስለሆነ፣ ምጣዱ የራሱ ቁመት ተጨምሮበት በ90 ሳንቲ ሜትር መደብ ላይ ከተቀመጠ ጋጋሪዋ ክንዷን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ለመሥራት ትገደዳለች፤ አክንባሎውን ስታነሣም እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል።

እናቴ ቤት መደቡን ከመሥራታችን በፊት ብሎኬት ያለ ሲሚንቶ ደርድረን፣ ቀዝቃዛውን ምጣድ ከላይ አስቀምጠን፣ እናቴ ባዶውን የሊጥ ማስፊያ ይዛ በምጣዱ ላይ እንድታዞር አደረግን። የመጀመሪያውን ከፍታ “ይሄማ ትከሻዬን ይጨርሰዋል” ብላ አልተቀበለችውም። አንድ ብሎኬት አወጣን፤ አሁን ደግሞ ጎንበስ አለች። ጣውላ በጣውላ እየጨመርን ሄደን የተስማማት ከመክተፊያው ቦታ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ነበር። ይህ ሙከራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ መደቡ ግን ዕድሜ ልክ የሚኖር ስለሆነ ማንም ቤት እንዳይዘለው አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀጥሎ ግድግዳው ማዕዘኑን የጠበቀ መሆኑን ያረጋግጡ። ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ ላይ 60፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ከ100 ካነሰ ጥጉ ጠባብ ነው፣ ከበለጠ የተከፈተ ነው። በአብዛኛው ቤት ትክክል ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ለድንጋይ ቆራጩ ቁጥር ብቻ ጽፈው አይስጡ። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ርዝመትና ወርድ ብቻ ጽፌ ሰጥቼ፣ የመጣው ድንጋይ በአንድ ጫፍ ከግድግዳው ጋር ገጥሞ በሌላው ጫፍ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተወ፤ ቆራጩም የተባለውን ስለቆረጠ የምወቅሰው ሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የማቀዝቀዣ ማሸጊያ ካርቶን ወይም ስስ ኮምፔንሳቶ በቦታው ላይ ዘርግቼ፣ ግድግዳው እንደተጣመመ አጣምሜ ቆርጬ፣ የሲንኩን ቦታ ሥዬ፣ በላዩ “ላይ” እና “ፊት” ብዬ ጽፌ ሞዴሉን ራሱን እወስዳለሁ። “ላይ” የሚለው ጽሑፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሞዴሉ ተገልብጦ ከተቆረጠ ግን ድንጋዩ ለሌላ ቤት እንጂ ለእርስዎ አይሆንም።

ሞዴሉን ሲያዘጋጁ ከፊት በኩል ከእግሩ ወይም ከካቢኔቱ መዝጊያ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ፣ ከግድግዳው ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ያድርጉ።

ድንጋዩን መምረጥ

ለወጥ ቤት ግራናይት እንጂ እምነበረድ አይምረጡ። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እምነበረድ ዓይን የሚይዝ ውብ ድንጋይ ነው፤ ቦታው ግን ሳሎንና ደረጃ ነው። እምነበረድ በባሕርዩ የኖራ ድንጋይ ወገን ስለሆነ ኮምጣጣ ነገር ሁሉ ይበላዋል፤ በእኛ ወጥ ቤት ደግሞ ኮምጣጣ የማይፈስበት ቀን የለም። ሎሚው፣ አቼቶው፣ ጠላው ይቅርና የቦካው ሊጥ ራሱ ገጹን አደብዝዞ ክብ ምልክት ይተውበታል። የሚሸጡልዎት ድንጋይ ግራናይት መሆኑን ከተጠራጠሩ ከሱቁ ቁራጭ ይለምኑ፤ ሎሚ ጨምቀው ጠብ ያድርጉበትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠርገው በብርሃን ፊት አጋድመው ይመልከቱ። የጠብታው ቦታ ከደበዘዘ ድንጋዩን ይተዉት።

ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት ሙሉ በሙሉ በአርማታ ላይ ለሚያርፍ መደብ ይበቃል፤ ካሬ ሜትሩ ወደ 54 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከሥሩ አርማታ ሳይኖር በካቢኔት ላይ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ግን 3 ሳንቲ ሜትር ይውሰዱ፤ እርሱም በካሬ ወደ 81 ኪሎ ግራም ነው። ከመክፈልዎ በፊት ገጹ ላይ ውሃ አፍስሰው ይጥረጉ፤ ስንጥቅ ካለ ሌላው ሲደርቅ ውሃውን እንደያዘ እንደ ጥቁር ክር ይታያል።

ቆራጩ የሚሠራልዎትን ሦስት ነገሮች በቃል ሳይሆን በሞዴሉ ላይ ጽፈው ይስጡት። የፊት ጠርዙ ተስሎ ይወልወል። ከጠርዙ በታች፣ ከጫፉ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ቦይ ይውጣለት፤ ይህች ቦይ የሚፈሰው ውሃ በድንጋዩ ሥር ተጉዞ እንጨቱን እንዳያረጥብ እዚያው ታንጠባጥበዋለች። የሲንኩ ቀዳዳ አራት ማዕዘኖች ደግሞ ክብ ሆነው ይቆረጡ፤ ግራናይት የሚሰነጠቀው ሹል ሆኖ ከተቆረጠ ጥግ ተነሥቶ ነው። ከቀዳዳው እስከ ፊት ጠርዙ የሚቀረው ድንጋይም ከ7 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ድንጋዩ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ ደግሞ የጣርማበር ጠመዝማዛ ይጠብቀዋል። በመኪና ላይ በጭራሽ አጋድመው አይጫኑት፤ በጠርዙ ቆሞ፣ ከእንጨት በተሠራ ዘንበል ያለ መደገፊያ ላይ ተደግፎ፣ በድንጋዮቹ መካከል ካርቶን ገብቶ በገመድ ይታሰር። የሲንኩ ቀዳዳ ግራና ቀኝ የቀረው ቀጭን ክፍል እንዳይሰበር በርዝመቱ ሞራሌ (ቀጥ ያለ ጠርብ እንጨት) ያስሩበት። ሰዎችም ሲሸከሙት እንደቆመ ይሸከሙት እንጂ እንደ ጠረጴዛ አያጋድሙት። ለ2.4 ሜትር መደብ አራት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል።

አሮጌውን ማንሣት

በመጀመሪያ ውሃውን ከዋናው ቫልቭ፣ መብራቱን ከብሬከሩ ይዝጉ፤ የጋዝ ሲሊንደር ካለ ከቤት ያውጡት። ከሲንኩ ሥር ባልዲ አስቀምጠው ሲፎኑን ይፍቱ፣ ፍሌክሲብሎቹን ይንቀሉ፣ የሲሊኮኑን መስመር በስለት ይቁረጡ፣ ከዚያ ሲንኩን ያንሡ። የተከፈተውን የፍሳሽ ቧንቧ አፍ ወዲያው በጨርቅ ይወትፉ፤ ሽታውን ከመከላከሉም በላይ ፍርስራሽ ገብቶ ቧንቧውን እንዳይደፍነው ነው።

ቺፑድ ከሆነ ከሥር በኩል የተያዘበትን ብሎን ይፈልጉና ይፍቱ። የሲሚንቶ መደብ ከሆነ በመሮና በመዶሻ ከአንድ ጫፍ እየጀመሩ ያፍርሱት፤ ፌሮ (የአርማታ ብረት) ካለው በግራይንደር ይቁረጡት። ሲሚንቶም ሆነ ድንጋይ ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ስለሆነ አፍንጫን በደንብ የሚገጥም ጭምብልና መነጽር ያድርጉ፣ እየቆረጡ ሌላ ሰው ውሃ ያንጠባጥብበት፣ ልጆችን ከቤት ያርቁ። ውሃ እያንጠባጠቡ ሲቆርጡ ግን መቁረጫው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑን አይዘንጉ፤ ውሃው ወደ ዲስኩ እንጂ ወደ ሞተሩና ወደ ገመዱ አይሂድ።

መሠረቱን መጣል

እግሮቹ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ይሁኑ፤ በሁለት እግሮች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። አሮጌዎቹ እግሮች ካልተነቃነቁና ከፍታቸው ከተስማማ መተው ይቻላል፤ በእጅ ሲገፉ የሚወዛወዝ ካለ ግን ሳይራራ ይፍረስ። ሁሉንም እግሮች በረጅም ውሃ ልክ ወይም ውሃ በተሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ እያመሳከሩ እኩል ያድርጉ። በእግሮቹ መካከል የጣውላ ካሳፎርማ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) በባሕር ዛፍ ቋሚ ተደግፎ ይገጠም፤ ጣውላው ላይ ላስቲክ ይነጠፍበት። ሲንኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከሲንኩ ቀዳዳ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የእንጨት ሳጥን ይቸንከር፤ ሳጥኑ አርማታው እንዳይገባበት ይከለክላል።

ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በርዝመቱ በየ15፣ በወርዱ በየ20 ሳንቲ ሜትር ዘርግተው መገናኛዎቹን በጥቁር ሽቦ ይሰሩ። ፌሮው ጣውላው ላይ ተኝቶ ከቀረ ከታች ተጋልጦ ይዝጋል፤ ስለዚህ ቀድሞ በተሠራ የሲሚንቶ ቁራጭ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይደረግ። በሲንኩ ሳጥን አራት ጥጎች ላይ አንድ አንድ አጭር ፌሮ አግድመው ይጨምሩ፤ አርማታውም እንደ ድንጋዩ የሚሰነጠቀው ከጥጉ ነው።

የአርማታው ውፍረት 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለምሳሌ 2.4 ሜትር ርዝመትና 65 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላለው መደብ 110 ሊትር ያህል አርማታ ያስፈልጋል፤ 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃዋል፣ ትንሽም ይተርፋል። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ደቃቅ ጠጠር ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠኑ 35 ሊትር ያህል ስለሆነ በ20 ሊትር ባልዲ ሲለካ አሸዋው ሦስት ባልዲ ተኩል፣ ጠጠሩ አምስት ባልዲ ከሩብ ይሆናል። ውሃው ከ25 ሊትር እንዳያልፍ፤ አሸዋው ርጥብ ከሆነ ከዚያም ይነስ። አርማታን ለማቦካት እንዲቀል ብሎ ውሃ መጨመር በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚደረጉ ስሕተቶች ሁሉ የባሰው ነው፤ የተረፈው ውሃ ሲወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ገጹም ዱቄት ይሆናል። አሸዋውን ደግሞ አስቀድመው ይፈትሹት፦ በእፍኝዎ አሽተው ሲጥሉት መዳፍዎ ላይ ጭቃ ከተወ ይታጠብ።

ሲፈስ በብረት ዘንግ ጥጉን ሁሉ እየወጉ አየሩን ያስወጡ፣ ቀጥ ባለ ጣውላ እየጠረጉ ያስተካክሉ፣ ገጹን ግን አያለስልሱት፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ሸካራ ሲሆን ነው።

ብርዱን መከላከል

በደጋው በውርጭ ወራት የሚሠራ ሰው አርማታውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይጨርስ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያሉት ሰዓቶች ሲሚንቶው እንዲይዝ ያግዙታል። የማቦኪያውን ውሃ ለብ ያድርጉት እንጂ አያፍሉት። አሸዋውና ጠጠሩ ውጭ ካደሩ አመዳይ ያለበትን የላይኛውን ክፍል ገፍፈው ይጣሉ። የሲሚንቶ ምርጫ ካለዎት በብርድ ኦፒሲ የተባለው ከፒፒሲ ይልቅ ቶሎ ስለሚጠነክር እርሱን ይውሰዱ።

እንዳለቀ ወዲያው ገጹን በላስቲክ ይሸፍኑት። በላስቲኩ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን የገብስ ገለባ ያልብሱ፣ በገለባው ላይ ደግሞ ጆንያ ወይም አሮጌ ዝተት (ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ) ይጣል። ሲሚንቶ ሲጠነክር የራሱን ሙቀት ያወጣል፤ እኛ የምናደርገው ያንን ሙቀት እንዳያመልጥ መያዝ ብቻ ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሰውን ከብርድ እንደሚጠብቅ አርማታንም ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት እጅዎን ከዝተቱ ሥር አስገብተው ላስቲኩን ይዳስሱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከክፍሉ አየር ሞቅ ብሎ ሊያገኙት ይገባል። ሽፋኑ ቢያንስ ለ10 ቀናት አይነሣ። በላስቲኩ ሥር ርጥበቱ ስለሚቆይ ማታ ውሃ ማርከፍከፍ አያስፈልግም፤ በውርጭ ሌሊት እንዲያውም ይጎዳዋል።

በዚህ ቦታ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። በአንድ ታኅሣሥ አርማታውን ጥለን ሳንሸፍነው፣ ክፍሉ ይሙቅ ብዬ የከሰል ምድጃ አቀጣጥዬ በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁ። ጠዋት ስንገባ አርማታው አልበረደም ነበር፤ ገጹ ግን ነጭ ሆኖ፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ እየተነሣ፣ በምስማር ሲጫር እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ እየተቦረቦረ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገና ካልጠነከረው ሲሚንቶ ጋር ተዋሕዶ የላይኛውን ንብርብር ልል አድርጎታል። ያንን ንብርብር በብረት ብሩሽ ፍቀን እስክንጨርስ ሁለት ቀን ፈጀብን። ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ሌላው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ነው፤ በዚያ ሌሊት አጠገቡ የተኛ ሰው ቢኖር ኖሮ የምናወራው ስለ መደብ አይሆንም ነበር። አርማታን በገለባና በዝተት እንጂ በከሰል አታሙቁ።

የጎን ጣውላዎች ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ሊነሡ ይችላሉ። ከሥር ያለው ድጋፍ ግን በደጋ ብርድ 14 ቀን ይቆይ። ድንጋዩን ለማንጠፍ ደግሞ 28 ቀን ቢጠበቅ ጥሩ ነው፤ አርማታው ሲደርቅ ትንሽ ስለሚሸማቀቅ ቸኩሎ የተነጠፈ ድንጋይ አብሮ ይጎተታል። ወሩ ለቤተሰቡ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ አስቀድመው በረንዳ ላይ ወይም በጓዳ ጊዜያዊ ማብሰያ ያዘጋጁ።

ሸዋ ሮቢት ወይም ምንጃር ቆላ ላይ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ጠላቱ ሙቀቱ ስለሆነ ጠጠሩን አስቀድመው በውሃ ያርሱ፣ አርማታውን ወደ ማታ ይጣሉ፣ ገጹን በረጠበ ጆንያ ሸፍነው ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡት። አንኮበርና መሀል ሜዳ ያሉ ግን የደብረ ብርሃኑን ሥርዓት ይከተሉ።

ማንጠፍ

መጀመሪያ ድንጋዩን ያለ ማጣበቂያ በቦታው አስቀምጠው ይሞክሩት። ከተስማማ አንሥተው በጠርዙ ያቁሙት፤ የአርማታውን ገጽና የድንጋዩን ጀርባ ጠርገው በርጥብ ጨርቅ ያብሱ። የድንጋይ ወይም የሴራሚክ ማጣበቂያውን በጥርሳም ማንኪያ በመላው ገጽ ላይ በአንድ አቅጣጫ ይዘርጉ። አራትና አምስት ቦታ ላይ እፍኝ እፍኝ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ በእፍኞቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ከባድ ድስት የተጣለበት ቀን ድንጋዩ የሚሰበርበት ቦታ ነው። ማጣበቂያው ከ5 ዲግሪ በታች ባለ ብርድ ስለማይይዝ ይህም በቀን ይሠራ።

የኋላ ጠርዙን ቀድመው ያሳርፉ፣ ከዚያ የፊቱን ቀስ ብለው ያውርዱ፤ በላስቲክ መዶሻ ከመሃል ወደ ዳር እየመቱ ያስቀምጡት። የሚሰጠው ድምፅ ይመራዎታል፦ ደፍን ድምፅ ካሰማ ሞልቷል፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ከሥሩ ባዶ ነውና ሳይደርቅ አንሥተው ይሙሉት። በውሃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም ያረጋግጡ። ሁለት ድንጋይ የሚገናኝበት መስመር በሲንኩ ላይ ወይም በምጣዱ ሥር አይዋል፤ መገናኛውም ከድንጋዩ ቀለም ጋር በሚመሳሰል የድንጋይ ሙጫ ይሞላ። ከግድግዳው ጋር የተተወችውን 3 ሚሊ ሜትር ግን በሲሚንቶ አይድፈኑ፤ ድንጋዩ ሲሞቅ የሚሰፋባት ቦታ ስለሆነች በሲሊኮን ብቻ ትሞላ። ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ ሴራሚክ ከሌለው ቢያንስ አንድ ረድፍ ይለጥፉ፤ ሲሊኮኑም በመጨረሻ፣ ቦያካው (የሴራሚኩ መገጣጠሚያ መሙያ) ከደረቀ በኋላ ይግባ።

ሲንክና የመታጠቢያ ቤት መደብ

ሲንኩን በቀዳዳው ዙሪያ ሲሊኮን ዘርግተው ያስቀምጡ፣ ማሰሪያዎቹን ከሥር ያጥብቁ፣ ለአንድ ቀን ውሃ አይንካው። በቧንቧው ጥርስ ላይ ቴፍሎኑን ጥርሱ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠምጥሙ፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲያጠብቁት ይፈታል። ከዚያ ሲንኩን እስከ አፉ ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ በሲፎኑ መገናኛዎች ላይ ደረቅ ሶፍት ይዙሩበት፤ ርጥበት የያዘበት ቦታ ይጥበቅ። በትንሽ ውሃ የተፈተነ ሲፎን ትልቅ ድስት በታጠበ ቀን ያፈስሳል።

የመታጠቢያ ቤቱ መደብ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ወርዱ ጠባብ፣ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ 5 ሳንቲ ሜትር አርማታ ይበቃዋል። እምነበረድ ካማረዎትም እዚህ መጠቀም ይችላሉ፤ ግን ሲሊኮኑ የአቼቶ ሽታ የሌለው ዓይነት ይሁን፣ የሚሸተው ዓይነት እምነበረዱን ያደበዝዘዋል።

ድንጋዩን ማሸግና ምጣዱን መመለስ

ግራናይትም ቢሆን ቅባትና እርድ ቀስ ብሎ ይገባዋል። ንጹሕ ውሃ ጠብ አድርገው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ጠርገውት ከሥሩ የጠቆረ ቦታ ከቀረ ድንጋዩ ይጠጣልና የድንጋይ ማሸጊያ ፈሳሽ በጨርቅ ይቀቡት፣ የተረፈውን ሳይደርቅ ይጥረጉ። ይህንኑ ሙከራ በየዓመቱ ይድገሙት።

ምጣዱ ከማጣበቂያው ሥራ በኋላ አንድ ሳምንት ቆይቶ ይመለስ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ስለሚስቡ፣ በ220 ቮልት እስከ 18 አምፔር ድረስ ማለት ነው፣ ለመብራት በተዘረጋ ተራ ሶኬት ላይ አይሰካ፤ መደቡ ክፍት ሆኖ ሳለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ራሱን የቻለ መስመር ይዘርጋለት፣ ሶኬቱም ከሲንኩ ራቅ ይበል። ምጣዱ በራሱ እግሮች ቆሞ በሥሩ አየር እንዲያልፍ ያድርጉ እንጂ ሆዱ ድንጋዩን አይንካ። በመጀመሪያው የመጋገሪያ ቀን፣ አምስተኛው እንጀራ ሲወጣ፣ እጅዎን በጥንቃቄ ወደ ምጣዱ ሥር አስጠግተው ድንጋዩን ይዳስሱት። እጅዎን አሥር እስኪቆጥሩ ማቆየት ካልቻሉ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ተከማችቷልና፣ ምጣዱ ሲበርድ በእያንዳንዱ እግር ሥር 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሴራሚክ ቁራጭ ደራርበው ከፍ ያድርጉትና በሚቀጥለው የጋገራ ቀን እንደገና ይዳስሱት።